ሰንበላ መኪና ይገባል

አሶሳ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለእትዬ የዝና አንለይ
በማንቡክ፣ በአቶ ማስረሻ ሱቅ በኩል፤ ሰንበላ ሚካኤል

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ደጅ ድረስ ይምጣልኝ። ክረምቱን እንዴት ወጡት? ሚካኤል ቤትዎን ይጠብቅልኝ፤ ማሽላውም ከብቱም በደህና ይክረምልዎት። እኔ በጤናዬ በኩል ደህና ነኝ።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። የኮሶበሯ የወይዘሮ እንወይ ልጅ ምንውየለት ነኝ። እናቴ የአጎትዎ ልጅ ናት። እኔና እርስዎ የተያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአያቴ ተዝካር ላይ። ያን ጊዜ ቁመቴን አይተው «ይሄ ልጅስ ጣራችንን ሳያፈርስ አይቀርም» ብለው ድንኳን ሙሉ ሰው ያሳቁብኝ እርስዎ ነዎት። ቁመቴ ከዚያም በኋላ አልቆመም።

እናቴ ባለፈው ግንቦት ዐረፈች። መርዶው አሶሳ የደረሰኝ ተቀብራ፣ ሰልስቷም ወጥቶ፣ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። አንድ ቀን ፈቃድ ሰጡኝ፤ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩና በማግሥቱ ሥራ ገባሁ። አላለቀስኩም። ከዚያ ወዲህ ደስታም ሐዘንም አንድ ዓይነት ሆኖብኛል። ይህን የምነግርዎት ደብዳቤዬ ደረቅ ቢሆንብዎት እንዳይቀየሙኝ ነው። በመጨረሻው ደብዳቤዋ «የዝናን ፈልጋት፤ አሁን እኮ የአንድ ክልል ሰዎች ሆናችኋል» ብላኝ ነበር።

እውነቷን ነው፤ ሆነናል። ካርታው ላይ በእኔና በእርስዎ መካከል ያለው ዓባይ ብቻ ነው። ይህ ወረቀት ግን እርስዎ ዘንድ ለመድረስ ባምባሲን፣ ነቀምትን፣ አዲስ አበባን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ኮሶበርን፣ ቻግኒን አይቶ ነው የሚመጣው። ከጓዳ ወደ ሳሎን ለመሄድ ሠፈሩን ሁሉ እንደመዞር ነው።

ሥራዬ የክልሉ መንገዶች ላይ ነው። ክልሉ አዲስ ስለሆነ ቢሮአችን ወንበር ሳይመጣለት ካርታ ነው የመጣለት። ከአዲስ አበባ አሶሳ የሚገባው ዋና መንገድ የፌዴራሉ ነው፤ እሱን አንነካውም። የተረፈው ሁሉ የእኛ ነው ተባልን። የእኛ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ቁጥር ሲኖረው ነው። ቁጥር የምሰጠው እኔ ነኝ። አሶሳ–ኩርሙክን አ-1 አልኩት፤ የመንጌውን አ-2። እንዲህ እያልኩ የአሶሳን ጨርሼ፣ የካማሺን ጨርሼ፣ መተከል ስደርስ ቆምኩ። ቢሮው ውስጥ ከማንቡክ ወዲያ ያለውን አገር በዓይኑ ያየ ሰው አልተገኘም።

አለቃዬ አቶ ሱለይማን የመንጌ ሰው ነው። «አንተ እዚያ ዘመድ አለህ አይደል?» አለኝ። «ዘመድ ካለ ይጠየቃል።» ስለዚህ እትዬ፣ እጠይቃለሁ፤ ከማንቡክ ሰንበላ ድረስ መኪና ይገባል ወይ? በበጋ ብቻ ነው ወይስ በክረምትም?

ከዚህ የሚላክ ነገር ቢያምርዎት ይዘዙኝ። እየሩስን ይሳሙልኝ፤ በተዝካሩ ጊዜ በጀርባዎ ነበረች።

አክባሪ ልጅዎ
ምንውየለት

*

ሰንበላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1989

ለልጄ ለምንውየለት

እንዴት ከረምክልኝ? ያ ጣራ የሚያፈርሰው ልጅ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ? እሰይ። ሚካኤል በፊትህ ይቅደም፣ በኋላህ ይከተል። እኔ አለሁ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ መንግሥት የተረፈኝ እሱ ብቻ ነው። ፊደሎቹ ከመሥመር ቢወጡብህ ዓይኔ ነው እንጂ እጄ አይደለም።

እንወይ መሞቷን ካንተ ሰማሁ። ወጥቼ ለጎረቤት ነገርኩ፤ ሰው ተሰበሰበልኝ፤ ሦስት ቀን ተቀመጥኩላት። አንተ ያላለቀስከውን እኔ አልቅሼልሃለሁ። ዕዳ አይሁንብህ።

እየሩስን «ይሳሙልኝ» ትላለህ። ጥቅምት ላይ ዳርኳት እኮ! ባሏ ቡሴ ይባላል፤ የሺናሻ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ንብ ያነባል። ቤታቸው ከቤቴ በላይ ነው፤ ጠዋት ጭሱን አያለሁ። በሠርጉ ቀን መኪና ጥሩምባ ነፍቶ ነው የወሰዳት፤ ማስረሻ ከማንቡክ ያመጣው መኪና። ወንዛችን ሻንቅ ጎድሎ ነበርና ተሻግሮ መጣ። የሰንበላ ልጅ በመኪና ስትዳር እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ጥሩምባው ጆሮዬ ውስጥ አለ እስካሁን።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ልጄ፣ ያን ጥያቄ አውቀዋለሁ። አንተ የመጀመሪያው ጠያቂ አይደለህም። በመንደር ምሥረታው ጊዜ ሰዎች ከአውራጃ መጡና ልክ እንዳንተ «መኪና ይገባል ወይ?» አሉን። እኛም እውነቱን ተናገርን፤ «በበጋ እንጂ በክረምት ሻንቅ አያሳልፍም» አልን። «እንግዲያው እናንተ ወደ መኪናው ሂዱ» አሉን። ቤታችንን አፍርሰው ቆላ መንገድ ዳር አሰፈሩን። ወባ ነው የተቀበለን። ባሌን መንገድ ዳር ቀበርኩ። የመጀመሪያ ልጄን መንገድ ዳር ቀበርኩ። መንግሥት ሲለወጥ እየሩስን ይዤ ተመለስኩ። እነሱ እዚያው አሉ።

ስለዚህ ደብዳቤህን ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው። መነጋገር አላስፈለጋቸውም። «ይገባል በይው» አሉ። ላንተ ላንተ ግን ልንገርህ፤ ሻንቅ ሰኔ ላይ ይሞላል፤ እስከ መስከረም መጨረሻ መኪና ቀርቶ በቅሎም አይደፍረውም። ገመድ ወጥረን እየያዝን ነው የምንሻገር። ይህን ታውቀዋለህ፤ ግን አትጽፈውም። ይገባል ብለህ ጻፍ። ክረምት ከበጋ።

ከላክህልኝ የማንበቢያ መነጽር ላክልኝ። ሌላ አልፈልግም።

እናትህ
የዝና

*

አሶሳ፣ የካቲት 1 ቀን 1989

ይድረስ ለእትዬ የዝና

ጤናው፣ ሰላሙ፣ እህል ውኃው ሁሉ ይብዛልዎት። ደብዳቤዎ ጥር አጋማሽ ላይ ደረሰኝ። ለእናቴ ስለተቀመጡላት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን ሳነብ አንድ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር። ብዙ ጊዜ ደጋገምኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለት ሌላ አልመጣልኝም።

እትዬ፣ ይህኛው ጥያቄ ያኛው አይደለም። ላስረዳዎት። ካርታው ላይ የምንጠቀመው ሁለት ቀለም ነው። መኪና ክረምት ከበጋ የሚገባበትን በጥቁር አሰምራለሁ፤ ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ግሬደር ይሄድበታል፤ በቃ። የማይገባበትን በቀይ አሰምራለሁ። ቀዩ ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሌለው ስለሆነም ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን ድልድይ የሚታቀደው ለቀዩ ነው። «ይገባል» ካልኩ ሰንበላ ቁጥር ታገኛለች፤ ድልድይ ግን አታገኝም። «አይገባም» ካልኩ ሻንቅ በዘንድሮው ዕቅድ ሊገባ ይችላል። ሰው የሚያነሣ ማንም የለም።

ስምዎን ሳልጠራ ለአቶ ሱለይማን አንድ ዘመዴ እንዲህ አለችኝ ብዬ ነገርኩት። ሳቀ።

«አክስትህ ጥሩ ሰው ነው» አለኝ። ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ነው የሚጠራው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ነው ያገኘው፤ ቤቱ በርታኛ ነው። «ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ይፈራል። ወላሂ እኛም አገር እንደዚህ ነው። ድሮ የግብር ሰው ሲመጣ አባቴ ፍየል የለም ይላል። ፍየሉ ደግሞ ከኋላው ይጮኻል።»

በኩርሙክ መንገድ የገጠመንም ይኸው ነው፤ ብቻ ተገልብጦ። አንድ መንደር ደርሰን መኪና ይገባል ወይ ስንል «አይገባም» አሉን። ይህን ሲሉን ሸቀጥ የጫነ መኪና ከኋላችን መንገድ ልቀቁ እያለ ነበር። ቀረጥ ፈርተው ነው። በየመንደሩ ሰው ያለፈውን መንግሥት ነው የሚመልስልን፤ እኛን የሚያናግረን የለም።

እርስዎ ያናግሩኝ። «አይገባም» ብዬ እንድጽፍ ይፍቀዱልኝ። እስከዚያ የሰንበላን መሥመር በእርሳስ ነው የተውኩት።

መነጽሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ። ከዚህ ሐኪም የለምና በግምት ነው፤ ካልሆነዎት ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ምንውየለት

*

ሰንበላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1989

ለልጄ ለምንውየለት

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ጾሙን ፈትተህ ደብዳቤዬ በጥጋብ ያገኝህ ዘንድ እለምናለሁ። መነጽሩ ሆነኝ። አንዱ ዓይኔ ያያል፤ ሌላው ያግዘዋል።

ያልከውን አነበብኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩ። አንተን አምንሃለሁ። የእንወይ ልጅ አይዋሽም። ግን ልጄ፣ አንተ የእኛ ነህ እንጂ ወረቀቱ የእኛ አይደለም። አንተ ነገ ብትዛወር በወንበርህ የሚቀመጠው ሰው «አይገባም» የሚለውን ያገኘዋል፤ ምን ያደርግበት ይሆን? ያኔም የመጣው ልጅ ደግ ነበር። እርሳስ ነበረው። እየሩስን ከረሜላ ሰጥቷት ነበር።

ደግሞም አልቋል። ወረዳው ራሱ ጠይቆን ሽማግሌዎቹ «ክረምት ከበጋ ይገባል» ብለው በቀበሌው ማኅተም ሰጥተዋል። አንተ ሌላ ብትጽፍ እነሱን ውሸታም ታደርጋቸዋለህ። ይህን እንዳታደርግ።

እየሩስ ነፍሰ ጡር ናት። ፍልሰታ ሲፈታ ነው ይላሉ። እግሯ ያብጣል፤ ራሷን ያዞራታል። ከማንቡክ ጤና ጣቢያ መጥታ የነበረችው ነርስ አየቻትና «ይቺ ልጅ ቤት መውለድ የለባትም፤ አምጧት» አለች። ነሐሴ ላይ እንዴት እንደምናመጣት አልጠየቅናትም። እሷም አልነገረችን።

መነጽር ብዬህ ነበር፤ አሁን የምፈልገው ሌላ ነው። ወፍራም ገመድ ላክልኝ። የናይለኑን፣ ዝናብ የማያበሰብሰውን። ሻንቅ ላይ የምንወጥረው ነትቧል፤ ማንቡክ ያለው ቀጭን ነው፤ ለአህያ ነው። ሰው ይዞት ቢንጠለጠል የማይበጠስ ይሁን። ቃሬዛ የሚያሻግር።

ከሰኔ በፊት ቢደርስልኝ።

የዝና

*

አሶሳ፣ ሰኔ 20 ቀን 1989

ይድረስ ለእትዬ የዝና

ሰላምታዬ ከዝናቡ ቀድሞ ይድረስልኝ። ለእየሩስ እግዚአብሔር እጁን ይዘርጋላት። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሰኔ ከገባ ነው። ገመዱን በማግሥቱ ገዛሁ። ሀይደር የሚባል ነጋዴ ከኩርሙክ በኩል ያስመጣዋል፤ ጣት የሚያህል ነው። ሱቁ በር ላይ ሁለት ሰው ሆነን ተንጠለጠልንበት፤ ንቅንቅ አላለም። በፖስታ እንዳልልከው ክብደቱ አይፈቅድም አሉኝ። ቢሆንም አይጨነቁ፤ እኔው ይዤው እመጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወረዳው ወረቀት ደረሰ፤ ማኅተሙም አለበት። አቶ ሱለይማን ወረቀቱን በአንድ እጁ ይዞ «ይህ ይገባል ይላል። ያንተ ዘመድ አይገባም ይላል። የቱን ልፈርም?» አለኝ። የእርስዎ ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። «ወረቀቱን» አልኩ። ካርታውን አወጣሁና በእርሳስ የነበረውን በጥቁር አሰመርኩት። ማንቡክ–ሰንበላ መ-14 ሆኗል። ቁጥሩ የተጻፈበት የሲሚንቶ ድንጋይ ይተከላል። ለሻንቅ ሊሆን ይችል የነበረው ድልድይ ለሌላ ወንዝ ተመድቧል። ቅር ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም፤ ምሳ ሰዓት ነበርና ምሳ በላሁ።

አቶ ሱለይማን ግን ፈርሞም አላመነም። «በበጋ ሁሉም መንገድ ቆንጆ ነው» አለ። «በክረምት ሂድ፣ እየው።» ስለዚህ በነሐሴ ከሾፌራችን ከደባልቄ ጋር ዞረን እንመጣለን። ፍልሰታ እንደተፈታ ሰንበላ መግቢያ እደርሳለሁ። ማዶ ላይ ሆነው ይጠብቁኝ፤ ገመዱን ለልጆቹ እወረውርላቸዋለሁ። እየሩስም ከተሻገረች በቢሮው መኪና ጤና ጣቢያ እናደርሳታለን።

በዓይነ ሥጋ ለመተያየት ያብቃን።

ምንውየለት

*

ማንቡክ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1989

ይድረስ ለእትዬ የዝና

ትናንት ስላየሁዎት እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። በእርግጥ የቱ እርስዎ እንደሆኑ አልለየሁም። ወንዙ ሰፊ ነው፤ ካፊያም ነበር። ግን ከፊት ቆመው እጅዎን የሚያንቀሳቅሱት እርስዎ ይመስሉኛል።

ያን ያህል ሰው ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ነጭ ለብሳችሁ፣ ጃንጥላ ይዛችሁ፣ ወንድ ሴት ሳይቀር በዝናብ! የሰኔው ደብዳቤዬ እንደደረሰዎት ያን ጊዜ ገባኝ። ደባልቄም «ለመንግሥት መኪና እንዲህ የሚወጣ ሕዝብ አይቼ አላውቅም» አለ። ጥሩምባውን ደጋግሞ የነፋው ስለተደሰተ ነው። እኔም ሁለት እጄን አንሥቼ ሰላም አልኩ።

የውኃው ጩኸት የሰው ድምፅ አያሰማም። ስትጮኹ አፋችሁን አያለሁ እንጂ አንዲት ቃል አልደረሰችኝም። እጅዎን ወደ ራስዎ እየሳቡ ምልክት ሲሰጡኝ «ና ተሻገር» ያሉኝ መስሎኝ አልችልም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ገመዱን ለመወርወር አሰብኩ፤ ነገር ግን ወንዙ ከገመትኩት በላይ ሰፋብኝ፤ ደግሞም ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠና ደባልቄ «መኪናው ከዚህ ጭቃ ሳይወጣ ይቀራል፤ እንመለስ» አለኝ። ዳር ላይ ትቼው ውኃው ሲጎድል ልጆቹ ያንሡት ብዬም ነበር፤ እናንተም ወዲያው ፊታችሁን አዙራችሁ ተመለሳችሁ። ሁላችሁም አንድ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ። አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ እጁን አላወዛወዘልኝም። እውነቱን ልናገርና ትንሽ ቅር አለኝ። ቅር ማለቴ ራሱ ገረመኝ፤ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

ድንጋዩን አየሁት። መ-14 የሚለው ጥሩ ተጽፏል። የተተከለው ግን ከሻንቅ ወዲህ ማዶ ነው፤ ድንጋዩን ያመጣው መኪና ወንዙን መሻገር ስላልቻለ እዚሁ ተክለውት ሄደዋል። ማንም ግን ይህን አልጻፈም።

አሁን በዓይኔ አይቻለሁና ሪፖርቴን መጻፍ አለብኝ። እርስዎ ሳይፈቅዱ ግን አልጽፍም። ሽማግሌዎቹን ጠይቀው መልሱን ይላኩልኝ። ገመዱን ማስረሻ ሱቅ ትቼዋለሁ፤ ውኃው ሲጎድል ሰው ይላኩ። እየሩስ ወልዳ ከሆነ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልኝ።

ምንውየለት

*

ሰንበላ፣ ኅዳር 9 ቀን 1990

ለምንውየለት

ሰላም ላንተ ይሁን። ከወንዙ መጉደል በኋላ ማስረሻ ሁለት ደብዳቤህን አንድ ላይ ላከልኝ፤ የሰኔውንና የነሐሴውን። የሰኔው ሐምሌ ላይ ማንቡክ ደርሶ ነበር አሉ። ሻንቅ ሞልቶ የሚያሻግረው ጠፋ።

አንተ ነበርክ እንዴ? ያ ረጅሙ ሰውዬ?

እኛ ማን እንደሆነ አላወቅንም። የመንግሥት መኪና ነው አልን እንጂ። ሰው የወጣው ሊቀበልህ አይደለም። እየሩስን ይዘን ነው የወጣነው። ምጡ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር፤ ልጁ በእግሩ መጣ፤ አዋላጆቹ «ከእኛ አልፏል፤ ጤና ጣቢያ» አሉን። ሐምሌ ላይ የድሮው ገመድ ተበጥሶ ነበር። ቢሆንም ተሸክመናት ወረድን፤ ምናልባት ውኃው ቢጎድል ብለን። ቃሬዛው መሬት ላይ ነበር፤ ሰዉ ከቦት ስለቆመ አልታየህም። ጃንጥላው ለእሷ ነው።

መኪናውን ስናይ እግዚአብሔር ላከው አልን። እኔ እጄን ወደ ራሴ የሳብኩት ገመድ ካላችሁ ማለቴ ነው። ወርውሩልን፣ እንሳበው ማለቴ ነው። ሰውዬው ሁለት እጁን አንሥቶ ራሱን ነቀነቀ። የለንም ያለ መሰለኝ። ከዚያ ጥሩምባ ተነፋ። እየሩስ ዓይኗን ገለጠችና «እማ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ይዘናት የተመለስነው ሞታ ነው፤ ዞር ያላልንልህ ለዚያ ነው። ልጁም አልወጣም። ሁለቱንም በአንድ ቀበርናቸው፤ እዚሁ ሚካኤል። ከቤቴ ሰዎች በአገሩ የተቀበረ እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

አልተቀየምኩህም። ይህን ስጽፍ ልቤን ፈልጌ አይቼዋለሁ፤ ቅያሜ የለበትም። ሌላም ነገር የለበትም። በመጀመሪያው ደብዳቤህ «ደስታም ሐዘንም አንድ ሆነብኝ» ያልከኝ ያን ጊዜ የወጣት ነገር መስሎኝ አልፌው ነበር። አሁን ገባኝ። ጠዋት ተነሥቼ ወደ ላይ አያለሁ፤ ጭሱ ይወጣል፤ ቡሴ ነው ለብቻው የሚያነድ። አይቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ገመድህ ደርሶናል። ጠንካራ ነው። ለመጪው ክረምት ከአሁኑ ወጥረነዋል። በእኛ በኩል ሾላው ላይ ታስሯል። በዚያኛው ማዶ ዛፍ ስለሌለ ቡሴ ቁጥርህ ከተጻፈበት ድንጋይ ላይ አሰረው። ሁሉም ተራ በተራ ጎተተው፤ አይነቃነቅም። ድንጋዩ ጥሩ ተተክሏል።

ያልከውን ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው። እኔ ተነሥቼ «እኔ ልናገር» አልኩ። በሸንጎ ተናግሬ አላውቅም። «ከዚህ ወዲያ የሚነሣብኝ ሰው የለኝም» አልኳቸው። «ቢያነሡን መቃብሯን ተሳልሜ እሄዳለሁ። የሌላው ልጅ ግን እዚያ ወንዝ ዳር አይተኛ።» ያን ቀን ወንዙ ዳር የሁሉም ሚስትና ልጅ ቃሬዛውን ከበው ቆመው ነበር። ከዚያ አንዱ «እንግዲህ እሷ እንዳለችው ይሁን» አለ።

ጻፍ ልጄ። ሰንበላ መኪና አይገባም።

የምትልክልኝ ነገር የለም።

የዝና

*

አሶሳ፣ ጥር 15 ቀን 1990

ይድረስ ለእትዬ የዝና

ሰላምታ ማስቀደም ይገባኝ ነበር። ምን ዓይነት ሰላምታ እንደምጽፍልዎት አላወቅሁም። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ቢሮ ነው። አቶ ሱለይማን ምን ሆንክ ሲለኝ ወረቀቱን ሰጠሁት። አማርኛ ሲያነብ ቀስ ይላል። ጨርሶ አጠፈውና «ኢና ሊላህ» ብሎ ጎኔ ተቀመጠ፤ የሥራ ሰዓት እስኪያልቅ አልተነሣም። እኔ ለእናቴም ለእየሩስም አለቀስኩ። ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ፣ ሰው እየገባ እየወጣ። አሁንም ይህን ስጽፍ ያመኛል። እርስዎ ግን በዚህ እንዳይጨነቁ፤ የሚያስጨንቀው ባያመኝ ነበር።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። መ-14 ተሰርዟል። መሥመሩን በቀይ አሰመርኩት። ሻንቅ ዕቅድ ውስጥ ገብቷል፤ ዓመቱ ግን አልተጻፈበትም፤ እንዲጻፍ በየጊዜው እጠይቃለሁ። ሰው ስለማንሣት አንድ ቃል የለበትም፤ እኔም አቶ ሱለይማንም ሁለት ሁለት ጊዜ አንብበነዋል።

አንድ ነገር ቀረ። ደንባችን ቁጥሩ የተሰረዘ መንገድ ድንጋዩ ይነቀል ይላል። መነቀሉን አረጋግጬ መፈረም ያለብኝ እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት ወረቀቱን አመጡልኝ። የሽማግሌዎቹ ማኅተም ያለበት ያ ወረቀት ትዝ አለኝ፤ እንዴት እንደጻፉት አሁን ገባኝ።

ድንጋዩ ተነቅሏል ብዬ ፈርሜአለሁ። ገመዱን አትፍቱት።

ልጅዎ
ምንውየለት